የአያቴ ወንድም ኮሪያ ሄዶ አልተመለሰም፤ 21 ዓመቱ ነበር

ሰላሌዋ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

አያቴ ዘንድሮ 90 ዓመት ሞላት። ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል እንጂ ልቧ ደህና ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት አልጋዋ ሥር ያለውን ሳጥን አስከፈተችኝ። ከነጠላዎቿ መሃል አንድ የአሉሚኒየም ኩባያ አወጣች። ወታደር የሚይዘው፣ እጀታው የሚታጠፍ ዓይነት ነው። ቂጡ ላይ በምስማር የተጫሩ ሁለት ፊደሎች አሉ። የወንድሟና የአባታቸው ስም መነሻ ናቸው። የመጀመሪያዋ ፊደል ጥሩ ሆና ተጽፋለች። ሁለተኛዋ ላይ ምስማሩ ሳያዳልጠው አልቀረም፤ ጭረቱ እስከ ጠርዙ ድረስ ሄዷል።

"ይቺን ወንድም ጋሼ ነው የጻፋት" አለችኝ። ጣቷን ጭረቱ ላይ አድርጋ እስከ ጠርዙ ወሰደችው። ስንት ዓመት ስታደርገው እንደኖረች ያስታውቃል።

ሰላሌ ነው የተወለደው። አባታቸውን ጣልያን የገደለው እሱ ገና ልጅ እያለ ነው። ከብት ጠበቀ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት ደገመ። 18 ዓመት ሲሆነው በእግሩ አዲስ አበባ ገባና ክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ቤት የመጣው። በሁለተኛው የሰፈሩን ልጆች ሁሉ አሰልፎ "ቀኝ ኋላ ዙር" ሲያስተምር ዋለ። አያቴም ተሰልፋ ነበር። በግራዋ ስትዞር ሳቀባት። ሳቁን እስከዛሬ እንደምትሰማው ትናገራለች።

በ1943 ሚያዝያ ላይ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮሪያ ጦርነት ሄደ። አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ቄሱ ናቸው ያነበቡላቸው። ወረቀቱ ከጠፋ ቆይቷል፤ አያቴ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። እንዲህ ይላል፦

"ይድረስ ለምወድሽ እናቴ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። ባሕር አየሁ። ሃያ ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ ነው። እዚህም አሁን ክረምት ነው። ዝናቡ ልክ እንደኛው ሐምሌ ነው። ተራራውም የእኛን ይመስላል። ሩዝ ይዘራሉ እንጂ ጤፍ የሚባል አያውቁም። መስቀል ሳይደርስ ደግሞ እጽፋለሁ።"

ሁለተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

መርዶው የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት፣ የመጀመሪያው ሻለቃ ከተመለሰ በኋላ ነው። አንድ ጓደኛው ሊነጋጋ ሲል ከሽማግሌዎች ጋር መጣ። ኩባያውን ለእናቱ ሰጠ። "መስቀል ሳይደርስ ነው፤ ተራራ ስንወጣ" ብቻ አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም፣ ማንም አልጠየቀውም። ቤት የቀረችውን ኮቱን አደባባይ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። አያቴ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር።

እናትየው ግን አላመነችም። ሬሳውን ሳላይ ተዝካር አላወጣም ብላ ስድስት ዓመት ቆየች። በየመስቀሉ የእሱን ድርሻ ሥጋ ለይታ ታስቀምጥ ነበር።

አያቴ አሁን የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "የት ነው ያረፈው?" ኮሪያ ውስጥ መቃብር አለ? የሟቾች ስም የተጻፈበት ቦታ አለ? የሚያውቅ ካለ እባካችሁ። ሙሉ ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ በውስጥ እልክላችኋለሁ።

---

የቀበና ልጅ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 3:51

ነፍስ ይማር እህቴ። ለእማማም እግዜር ጤናውን ይስጥልን። የኩባያዋን ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

---

መምህር ነኝ · ኅዳር 12፣ ከምሽቱ 4:35

እህቴ፣ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። እርግጠኛ የሆንኩበትን ልንገርሽ።

ቃኘው የሚለው ስም ከራስ መኮንን የፈረስ ስም የመጣ ነው፤ አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። ወታደሮቹ የተመረጡት ከክቡር ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በባቡር ጅቡቲ ወረደ። ከዚያ "ጄኔራል ማክሬ" በሚባል የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን ደረሰ። ደብዳቤው ላይ ያለው የሃያ ቀን ውሃ ትክክል ነው። አዛዡ ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ፤ የመላው ኃይል የበላይ ደግሞ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ። የተመደቡት በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነው።

ፑሳን ላይ አዲሱን የአሜሪካ መሣሪያ ተለማመዱ። ከዚያ ወደ መካከለኛው ግንባር፣ ተራራማው አገር ወጡ። ውጊያው የከበደባቸው ከነሐሴ 1943 ጀምሮ ነው። በመስከረም 1944 በጣም ከባድ ነበር። እዚያ አብዛኛው ተራራ ለወታደሩ ስም አልነበረውም። ካርታ ላይ በሜትር የተጻፈው ከፍታው ስሙ ሆነ። "ኮረብታ 602" የሚባለው በቃኘው ታሪክ የታወቀ ነው፤ ያ ውጊያ የመስከረም 1944 ነው። "መስቀል ሳይደርስ፣ ተራራ ስንወጣ" ያለው ጓደኛው ከዚህ ጋር ይገጥማል። የትኛው ተራራ ላይ እንደወደቀ ግን በዚህ ብቻ ቁርጥ አድርጌ ልናገር አልችልም።

አንድ ነገር ልጨምር። እንደዚያ ከሆነ እንቁጣጣሽን አሳልፎ ነው የሞተው። አዲሱን ዓመት 1944ን እዚያ ተቀብሏል።

---

እውነቱን ልናገር · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 1:10

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፤ ሐዘንሽን ላቃልል አይደለም። ግን ይሄን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ይቆጨኛል። አባቱን ጣልያን የገደለበት ልጅ፣ እናቱ ሌላ ደጋፊ የሌላት ልጅ፣ ካርታ ላይ አይቶት ለማያውቀው ሀገር ሄዶ ሞተ። ምን አግብቶን? ጀግና ጀግና እንላለን። የእናትየውን ስድስት ዓመት የሚቆጥር የለም።

---

መምህር ነኝ · ኅዳር 13፣ ከጠዋቱ 2:25

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል።

ኢትዮጵያ በ1928 ጄኔቫ ላይ ጮኻ የሰማት አልነበረም። አንዱ ሲወረር ሌላው ዝም ካለ ምን እንደሚመጣ በራሷ ላይ አይታዋለች። ንጉሠ ነገሥቱ ወታደር የላኩት በዚያ ምክንያት ነው፤ ከአሜሪካ ጋር የመወዳጀት ፍላጎትም ነበረበት፣ እሱን አልሸፍንም። እኔ ከልቤ የማምነው ግን የመጀመሪያውን ነው። የጋራ ጥበቃ የሚባለውን ነገር ከማንም በፊት የመጠየቅ መብት የነበረን እኛ ነን። ስንጠየቅ ደግሞ አለን አልን።

ይህ ሁሉ ግን የመንግሥት ሂሳብ ነው። ለእናት ሂሳብ አይሆንም። እዚያ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

---

ሰላሌዋ · ኅዳር 13፣ ከቀኑ 6:40

አልተቀየምኩም። ቅድመ አያቴም ራሷ ጠይቃዋለች። መርዶ ነጋሪው ሲጨርስ "ልጄን ከኮሪያ ጋር ምን አጣላው?" አለችው አሉ። ኮሪያ የሰው ስም መስሏት ነው። ጓደኛው መልስ አጥቶ አብሯት አለቀሰ።

---

ኮሪያ ሰፈር · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላሌዋ፣ ሌሊቱን ስለ ጽሑፍሽ ሳስብ አደርኩ። አባቴ የቃኘው ወታደር ነበሩ፤ ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር በ1944 ነው የሄዱት። ከአያትሽ ወንድም ጋር አልተገናኙም ማለት ነው። የእሱ ሻለቃ ሲወጣ የአባቴ ነው የገባው። አባቴ ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። የነገሩኝን ልጻፍልሽ፤ ለእማማ ታነቢላቸዋለሽ።

ስለ ጀግንነት አያወሩም ነበር። ስለ ድምፅ ነበር የሚያወሩት። ሥራው በብዛት የሌሊት ቅኝት ነው። ከመውጣታቸው በፊት ተራ በተራ ይዘላሉ። ኮዳ ከቀበቶ ጋር ቢጋጭ፣ አንገት ላይ ያለችው የስም ቆርቆሮ ብትንቀጨቀጭ ይሰማል። የተንቀጨቀጨውን በጨርቅ ይጠቀልላሉ። እንደገና ይዘላሉ። ምንም ሳይሰማ ሲቀር ይወጣሉ። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ሲንኳኳ አይወዱም ነበር። በመሀረብ ይቋጥሩት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ ነበር የማልፈው።

ሌላው የነገሩኝ ይሄ ነው፤ ለእማማ ዋናውም ይሄ ይመስለኛል። ሬሳ ጥሎ መመለስ ነውር ነበር። ቁስለኛም ሬሳም ተሸክመው ነው የሚመለሱት። አንዱን ለማውጣት ሌላ የሚቆስልበት ጊዜ አለ፤ ቢሆንም ይሄዳሉ። ከቃኘው አንድም ሰው አልተማረከም። ይሄን ሁሉም ሰው ለኩራት ይናገረዋል። አባቴ ግን "ለኩራት አይደለም፣ ለእናቶቻቸው ነው" ይሉ ነበር። ስለዚህ የአያትሽ ወንድም ተራራ ላይ ተጥሎ አልቀረም። ጓደኞቹ አውርደውታል።

ሲመለሱ ክብር ነበራቸው፣ የእኛም ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው። ብዙ አልቆየም። የታኅሣሥ 53ቱ ግርግር የክቡር ዘበኛ ስለነበር ጦሱ ለሁሉም ተረፈ። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። ያኔ ኮሪያ ዘምቻለሁ ማለት ራስን ማስጠቆም ነው። እናቴ የአባቴን ሜዳሊያ በበርበሬ ጣሳ ውስጥ ቀበረችው። በ83 ስናወጣው ሪባኑ ቀይ ሆኖ፣ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። አሁንም ይሸታል።

---

የቀበና ልጅ · ኅዳር 13፣ ከምሽቱ 2:40

"ለእናቶቻቸው ነው።" አባትህን ነፍስ ይማር ወንድሜ።

---

ዲሲ ያለሁ · ኅዳር 14፣ ከሌሊቱ 7:05

ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። እዚህ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ አለ፤ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ወታደሮች ሐውልት ያለበት። በአንዱ ጎን መሬት ላይ ወታደር የላኩ ሀገሮች ስም ተቀርጿል። ኢትዮጵያም አለች። ልጆቼን ይዤ ስሄድ ሁሌ እዚያ ጋ እንቆማለን። አዲስ የተሠራው የስም ግድግዳ ላይ ግን የአሜሪካኖቹና አብረዋቸው የነበሩ ኮሪያውያን ስም ነው ያለው። ስለዚህ ወንድማችንን እዚህ አትፈልጊው። ኮሪያ ያለ ሰው ቢገኝ ይሻላል።

---

ከፑሳን · ኅዳር 14፣ ከረፋዱ 4:30

አለሁ! ፑሳን ነው የምማረው። ሦስተኛ ዓመቴ ነው።

እዚህ የተባበሩት መንግሥታት የመታሰቢያ መካነ መቃብር አለ። ከምኖርበት በአውቶቡስ 40 ደቂቃ ነው። በቅርቡ እንኳን ኅዳር 2 ቀን፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 11፣ ልክ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ከተማው ውስጥ ሳይረን ተነፍቶ ነበር። በየዓመቱ ነው። አንድ ደቂቃ ዝም ይባላል። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አስተማሪያችን ቆመ፣ እኛም ቆምን። ስለማን እንደምቆም ግን አላሰብኩም ነበር።

ግቢው ውስጥ አንድ ክብ የመታሰቢያ ግድግዳ አለ። ጥቁር ድንጋይ ነው። በጦርነቱ የሞቱትና የጠፉት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስም በሙሉ በየሀገሩ ተቀርጾበታል፤ 40,896 ስም። የእኛዎቹም አሉበት። ስሙን በውስጥ ላኪልኝ። ቅዳሜ እሄዳለሁ።

---

ሰላሌዋ · ኅዳር 14፣ ከረፋዱ 4:52

እህቴ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው። ላክሁልሽ። መቃብሩንም ታዪልኛለሽ? አያቴ አፈር ብታመጡልኝ እያለች ነው።

---

መምህር ነኝ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 7:15

ሰላሌዋ፣ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ትላንት መጻፍ ነበረብኝ፤ ላረጋግጥ ብዬ ነው የዘገየሁት።

ፑሳን ያለው መካነ መቃብር ውስጥ አሁን የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው አርፎበታል፤ እንግሊዞች ይበዛሉ፣ ቱርኮችም በመቶዎች አሉ። የእኛዎቹም መጀመሪያ እዚያ ተቀብረው ነበር። በኋላ ግን አጽማቸው ወደ ሀገር ቤት መጥቷል።

ያረፉት አዲስ አበባ ነው። አራት ኪሎ፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ።

---

የቀበና ልጅ · ኅዳር 14፣ ከቀኑ 7:20

አምላኬ። ሥላሴ?

---

ሰላሌዋ · ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 1:30

ቀኑን ሙሉ መጻፍ አቃተኝ።

አያቴ ከሰላሌ አዲስ አበባ የመጣችው በ1965 ነው። ቀበና ነው ቤታችን። ከሥላሴ በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ በወሩ ሰባት ሰባት ሥላሴን አትቀርም ነበር። እናቴን አዝላ ሄዳለች። እኔን እጄን ይዛ ወስዳኛለች። ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን ቆሎ እየበላን ቅዳሴ እስኪያልቅ እንጠብቅ ነበር። ከ50 ዓመት በላይ ማለት ነው። እሱ እዚያው ነበር።

በመጀመሪያ ተናደድኩ። እንዴት ለቤተሰብ ሳይነገር? ማን ይናገር ነበር ደግሞ? እናትየው ሰላሌ ገጠር ናት፣ አድራሻ የላት፣ ስልክ የላት። ያኔ ሬዲዮ ያለው ሰው በስንት ቀበሌ አንድ ነው። ቢናገሩም ላይደርስ ይችላል። ብቻ አንድ ሰው ቢመጣ ኖሮ ቅድመ አያቴ ያንን ሥጋ እየለየች አትኖርም ነበር።

ለአያቴ ገና አልነገርኳትም። እንዴት እንደምነግራት አላውቅም። መርዶ ነጋሪ ሆንኩ።

---

እውነቱን ልናገር · ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2:05

እህቴ፣ ይሄ መርዶ አይደለም። መርዶውን በ1944 ጨርሰውታል። ይሄ ልጁ ቤቱ ገብቷል ብሎ መንገር ነው። ንገሪያቸው። ብቻሽን አትሁኚ፣ እናትሽም ይኑሩ። ጠዋት ቡና ላይ ይሁን።

ያን ቀን ስለጻፍኩት፣ አሁንም ሐሳቤ አልተለወጠም። ግን ምን አግብቶን ብዬ መጠየቄ ሰዎቹን ከመፈለግ አያስቀረኝም ነበር። እኔም አራት ኪሎ እያለፍኩ ነው ያደግኩት። አንድም ቀን አልገባሁም።

---

ኮሪያ ሰፈር · ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 12:50

አባቴ በየዓመቱ ከጓደኞቻቸው ጋር ሥላሴ ይሄዱ ነበር። እኔ ለጸሎት ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ ሃያ ሠላሳ ሆነው፣ በኋላ ስድስት ሆነው፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ሆነው። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ነው የሚመለሱት። ስለዚህ ማንም ሳይጎበኘው አልኖረም በያቸው። አባቴ አያውቁትም፣ ግን እሱንም ነው የጎበኙት።

---

ከፑሳን · ኅዳር 19፣ ከቀኑ 10:10

ሄጄ መጣሁ። ይቅርታ ዘገየሁ፤ ቅዳሜ ዘንቦ ስለነበር ትላንት ነው የሄድኩት።

በር ላይ ጠባቂው ከየት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ አባቴን የሚያክል። ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ፤ እኔም ጎንበስ አልኩ። የሀገሮቹ ሰንደቅ ዓላማ ተራ በተራ ተሰቅሏል። የእኛም አለ። መቃብር ባይኖረንም ሰንደቁ አልወረደም።

ግድግዳው ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ክብ ውሃ አለ። የእኛዎቹን አገኘሁ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። እዚያ ነው የተቸገርኩት። የእኛ ስም በእነሱ ፊደል አንድ ወጥ አጻጻፍ የለው። አንድ ዓይነት ስም በተለያየ አጻጻፍ አለ። ለአያትሽ ወንድም የሚሆን ሁለት ቦታ ተጠራጠርኩ። ከላይ ጀምሬ ሁሉንም ድምፅ አውጥቼ አነበብኩ። በዓይን ስታዪው የማይመስል፣ ስትጠሪው ግን ራሱ ይሆናል። እንደዚያ ነው ያገኘሁት። የእሱ ሲወጣ ከአፌ አወቅሁት። የአባቱ ስም ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። ግን እሱ ነው።

ከዚያ ደግሞ የቀሩትን ማንበብ ማቆም ከበደኝ። እስከ መጨረሻው ድረስ ጠራኋቸው። ቁጥራቸውን አንዳንዱ 121፣ አንዳንዱ 122 ይላል። እኔ መቁጠር ረሳሁ።

ድንጋዩ ላይ ወረቀት አድርጌ በእርሳስ አሻሸሁት። ስሙ ነጭ ሆኖ ወጣ። ፎቶውን በውስጥ ልኬልሻለሁ፤ ወረቀቱን በፖስታ እልካለሁ። አፈር ያላችሁትን አላመጣሁም። አፈሩ እናንተ ጋ ነው።

---

ቹንቾን የነበርኩ · ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 3:00

ዛሬ ነው ይሄን ውይይት ያየሁት። እኔ በስኮላርሺፕ ኮሪያ ውስጥ ቹንቾን ከተማ ነበር የተማርኩት፤ አያቴ የቃኘው ወታደር ስለነበሩ ያገኘሁት ነው። እዚያ ሐይቁ ዳር የቃኘው ሐውልት አለ። ጃንሆይ ግንቦት 1960 ኮሪያ ሄደው የመረቁት ነው። መንገዱ ራሱ የኢትዮጵያ መንገድ ይባላል። ሐውልቱ ፊት ለፊት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ያለ የቡና ቤት አለ፤ ስሙ "የኢትዮጵያ ቤት" ነው፣ ከሀገራችን ቡና ያመጣሉ። አንድ ቀን ቡና ስጠጣ አንድ ሽማግሌ ቤቱ የቤተሰባቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ሳንቲም አልቀበልም አሉኝ።

ሌላ የማልረሳው ነገር አለ። ጦርነቱ ሲያበቃ የእኛ ወታደሮች ዶንግዱቾን የሚባል ከተማ ውስጥ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ከፍተው ነበር። ከደሞዛቸው ያወጡ ነበር። ለእማማ ንገሪያቸው። አባቱን በጣልያን ጦርነት ያጣ ልጅ የሞተበት ሀገር ላይ፣ ጓደኞቹ አባት ያጡ ልጆች አሳደጉ።

---

ሰላሌዋ · ታኅሣሥ 8፣ ከምሽቱ 2:20

ሁላችሁም እንዴት ናችሁ። ትላንት ሰባት ነበር፤ ሥላሴ ሄድን።

ለአያቴ የነገርናት ቡና ላይ ነው፣ እንደመከራችሁኝ። እናቴ ናት የጀመረችው። አያቴ መጀመሪያ አልሰማችም። ጮክ ብዬ ደገምኩላት። "አራት ኪሎ?" አለች። "አዎ እማዬ፣ ሥላሴ።" ሲኒዋን አስቀመጠች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ቆሎ ስንበላ ነበርኮ" አለች።

የፑሳኗን ፎቶ አሳየኋት። በእንግሊዝኛ ነው፣ አታነበውም። በጣቴ እየጠቆምኩ አነበብኩላት። የጎደለችውን ፊደል ስነግራት "ምንም አይደል፣ እሱም ኩባያው ላይ አበላሽቶታል" አለች።

ትላንት በኮንትራት ታክሲ ወሰድናት። የቀበና ልጅ መጥቶ ነበር፣ ወንበር ይዞ። እውነቱን ልናገርም መጣ፤ ከበሩ ጀምሮ ደግፏት ገባ። ስማችሁን እዚህ አልጽፍም፤ እግዜር ይስጥልኝ። ኮሪያ ሰፈር የአባቱን ሜዳሊያ ይዞ ነበር። አያቴ አሸተተችውና "እውነትም በርበሬ" አለች።

ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት። የቱ የእሱ እንደሆነ ለይተን አላወቅንም። እሷም አልጠየቀችም። ኩባያውን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ሰው ቤት ገብታ እንደምታወራ በዝግታ ጀመረች።

"ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።"

ደብዳቤው ነው። መልስ ያልተጻፈለት። ያኔ እናቱ መልስ ልታጽፍ ቄሱን ለምና፣ ወረቀት ከፍቼ ከተማ እስኪመጣ ተብሎ፣ መኸር ገብቶ፣ እንዲሁ ቀረ። አያቴ መልሱን ትላንት ነገረችው። እናታቸው መቼ እንዳረፈች። መሬቱ ለማን እንደደረሰ። ስንት ልጅ እንደወለደች፣ ስንቱ እንደሞተባት። እኔን በስም ጠርታ "ይቺ ናት የፈለገችህ" አለችው። ዘንድሮ ጤፍ ስንት እንደገባ ሳይቀር ነገረችው። ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ቅዳሴ የወጡ ሰዎች ቆመው ይሰሙ ነበር።

ስትጨርስ ኩባያውን ሰጠችኝና ውሃ ጠየቀች። ከግቢው ቧንቧ ቀድቼ አመጣሁላት። ከዚያ ኩባያ ስትጠጣ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም።

ለጥር ሰባት ደግሞ እንሄዳለን። ከፑሳን፣ ወረቀቱ ትላንት ከሰዓት ደርሷል። አጥፋ ኩባያው ውስጥ አስቀምጣዋለች።